ማን ታሞ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አፕል በፌስታል አንጠልጥላችሁ ወደ ሰፈር ከገባችሁ ጥያቄው በር ላይ ይቀበላችኋል፤ «ማን ታሞ ነው?» ሙዝ ብትይዙ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ብርቱካንም ያው ብርቱካን ነው። አፕል ግን ዜና ነው። በአንድ ኪሎው ዋጋ ስንት ኪሎ ሙዝ እንደሚገዛ የሚያውቅ የሰፈር ሰው፣ ጤነኛ ሰው ተነሥቶ ለራሱ ቁርስ አፕል ይገዛል ብሎ አይጠረጥርም።

እኛ ቤትም አፕል የሚገባው ሰው ሲታመም ወይም ሰው ሲወልድ ነበር። ከገባም በኋላ በቀጥታ ወደ አፍ አይሄድም። መጀመሪያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ባለው የመስታወት ሳህን ይደረደራል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው። ሁለት ቀን እንዲህ ይከርማል። ከዚያ እማዬ የሚበላውንና የሚቀመጠውን ትለያለች። የሚበላው አንዱ ለአራት ተቆርጦ ለልጆች ይታደላል፤ የሚቀመጠው ፍሪጅ ገብቶ ሌላ ሰው እስኪታመም ይጠብቃል። እውነቴን ነው። አፕል ሰፈራችን ውስጥ እንደ ዕቁብ ይዞር ነበር። አንድ ጊዜ እኛው ለአራስ ጎረቤት የወሰድነው ፌስታል ሁለት ቤት ዞሮ፣ አያቴ እግሯን የተሰበረች ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። እማዬ ያወቀችው በራሷ ቋጠሮ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ አባቴ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛለ፣ ምላሱ ከበደ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠን ምክር ብዙ ነበር፤ ቤታችንን የለወጠው ግን አንዱ ነው፦ ውሃና ሻይ የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻውን እንዳይሰጠው፣ የሚበላው ሁሉ ወፈር ያለ፣ ጓጓላ የሌለው፣ ማንኪያ ላይ የሚቆም እንዲሆን። እኔ እስከዚያ ቀን የታመመ ሰው የሚከብደው ጠጣር ምግብ ነው ብዬ ነበር የማስበው። መዋጥ ለደከመው ሰው ግን አደገኛው ቀጭኑ ነው። ውሃ ይፈጥናል፤ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ያልፍና በሳንባ በኩል ሊገባ ይችላል። ወፍራም ምግብ ቀስ ይላል፣ ለጉሮሮ ጊዜ ይሰጠዋል። እኛ «ትን አለው» ብለን ጀርባ መታ መታ አድርገን የምናልፈው ነገር ለእሱ የሳንባ ምች ሊሆን ይችል ነበር።

ጠያቂው ደግሞ ጎረፈ። አባቴ ሰው ይወዳል፣ ሰውም ይወደዋል። እድሩ መጣ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቱ መጣ፣ ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ሁሉም አፕል ይዞ። በሁለት ሳምንት 11 ኪሎ ደረሰ። የማያኝክ ሰው አልጋ አጠገብ 11 ኪሎ አፕል! ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንዳንዱ ላይ ትንሿ ስቲከር ሳትነሣ። እማዬ እየወለወለች ትደረድራለች። አባዬ ያየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ፊቱን የሚያዞረው ከአፕሉ ብቻ አልነበረም። ገንፎ ሰጠነው፣ ሦስት ቀን በላና አፉን ዘጋ። የድንች ፍትፍት፣ የካሮት ሾርባ፣ አጥሚት፤ አንድ ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ ከንፈሩ ግጥም። መናገር ስለማይችል ምን እንደሆነ አይነግረን። እኔ ግን ዓይኑ ውስጥ ያለውን ሳየው የጣዕም ጉዳይ አልመሰለኝም። ዕድሜውን ሙሉ እጁን ታጥቦ ከመሶብ ሲያጎርስ የኖረ ሰው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ታስሮ በማንኪያ መብላት አፍሮ ነበር። ክትትል በሄድንበት ቀን ሐኪሟ መዘነችውና እንዲህ ከቀጠለ በአፍንጫው ቱቦ መግባቱ እንደማይቀር ነገረችን። አባቴ ሰማ። ምላሱ እንጂ ጆሮው ምንም አልሆነም።

ማታውን ኩሽና ገብቼ አራት አፕል ላጥኩ።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለች እማዬ።

«ልቀቅለው።»

«ፍራፍሬ ይቀቀላል እንዴ?»

ይሄ ጥያቄ ለቀልድ የተጠየቀ አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ወጣችን ስንት ዓይነት ነው፣ ጾሙ ስንት ዓይነት ያበስለናል፣ ግን ድስት ውስጥ የገባ ፍራፍሬ የቱ ነው? ሙዙን ልጠን እንበላለን፣ ማንጎውን እንመጠዋለን፣ አቮካዶና ፓፓያውን ጁስ ቤት እናስደርበዋለን። የበሰለ ፍራፍሬ የምናውቀው ማርማላታን ነው፤ እሱም ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ከጣልያን የመጣ ነው፣ ከሱቅ በጠርሙስ ይገዛል እንጂ እናቶቻችን አይሠሩትም። ስለዚህ እማዬ በእሳት ላይ ያየችው አፕል ሳይሆን ብክነት ነበር። በዚያ ዋጋ የተገዛ ነገር፣ ያውም ሰው ያመጣው፣ ድንች ሆኖ ሲቀቀል!

አሠራሩ ከድንችም ይቀላል። አፕል ከመቶ 85 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ድስቱ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለፍ የለበትም፤ እሱም ከሥር እንዳያርር ነው። ልጣችሁ፣ መሃሉን ከነፍሬው አውጥታችሁ ትከትፉታላችሁ። ፍሬውን አደራ። ሳይታኘክ የተዋጠ አንድ ሁለት ፍሬ ምንም አያደርግም፣ ጁስ መፍጫ ውስጥ ሲፈጭ ግን ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለበት፤ ለታማሚ በሚሠራ ምግብ ላይ ቸልተኝነት አያስፈልግም። ልጣጩን አትጣሉት። ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ውስጥ ቋጥራችሁ አብሮ ይብሰል፣ በኋላ ጨምቃችሁ አውጡት። የሚያወፍረው ፔክቲን የሚባለው ነገር ልጣጩና መሃሉ ላይ ይበዛል፤ ልጣጩ ቀይ ከሆነ ደግሞ ድስቱን ሮዝ ያደርገዋል። ከድኖ በቀስታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ደቁሶ በወንፊት ማሳለፍ።

ቅመሙ ላይ ፈረንጆቹ ሁሉም ቀረፋ ይላሉ። እኔ ቀረፋ አጣሁና ኮረሪማ ጨመርኩ፤ ሁለት ፍሬ ያህል ፈልፍዬ፣ ወቅጬ። እስከዛሬ ወደ ቀረፋ አልተመለስኩም። ቀረፋ አፕልን ኬክ ቤት ኬክ ቤት ያሸተዋል። ኮረሪማ ግን ቤታችንን ቤታችንን አሸተተው። እማዬም ሽታው ሲደርሳት ድምጿ ለስለስ አለ።

አባዬ የመጀመሪያውን ማንኪያ በተዘጋ ከንፈር ነው የተቀበለው፤ ጫፉን ነካሁለት። ምላሱ ወጣች፣ ቀመሰች፣ ተመለሰች። ቆይቶ አፉ ተከፈተ። እማዬ ትቆጥራለች፤ እሷ ሁሉንም ነገር ትቆጥራለች። ሰባተኛው ላይ እጁን አነሣ፣ ግራውን፣ የሚታዘዘውን። በቃኝ ሊል መሰለን። አፉን አንድ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰና፣

«ጨ... ው» አለ።

ድንች መስሎት ነው። ከታመመ ጀምሮ የጠየቀን የመጀመሪያው ነገር ጨው ሆነ። እማዬ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ ሮጣ ጨው አመጣች። እኔም «አፕል ላይ ጨው አይደረግም» ልል ከጀለኝና ዝም አልኩ። ደግ አደረግኩ። ቁንጥር ጨው የተቀቀለ አፕልን ያጎላዋል፤ ጣፋጩም ኮምጣጣውም ይበልጥ ይሰማል። አሁን ሳልጨምር አልሠራም።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ቱቦው እንደቀረ ነግረውን ደስ ብሎን ሳናበቃ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። አባቴ ሊጾም ነው። መናገር የማይችል ሰው እንዴት «እጾማለሁ» እንደሚል ካላያችሁ አታምኑም፤ ወተት የነካ ማንኪያ ሲቀርብ ጥርሱን ይነክሳል፣ በቃ። የንስሐ አባቱ ቤት ድረስ መጡና ታማሚ እንደማይገደድ፣ ራሳቸውም ኃላፊነቱን እንደሚወስዱ ነገሩት። አዳመጣቸው፣ መስቀላቸውን ሳመ፣ ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ተደራድረን ስምምነት ላይ ደረስን፤ ሰዓት አይጾምም፣ ጠዋት ይበላል፣ ነገር ግን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ቤቱ አይድረስ። እማዬ «ግማሽ መንገድ መጣልን» አለች።

እንግዲህ ቁርስ መፈለግ የኔ ሥራ ሆነ። ወተት የሌለበት፣ ወፈር ያለ፣ ጉልበት የሚሰጥ። መልሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አጃና ተልባ። አጃውን ከማታ በትንሽ ውሃ ትዘፈዝፉታላችሁ፤ ሦስት ማንኪያ ይበቃል። ጠዋት አንድ አፕል በካሮት መፈቅፈቂያ ትፈቀፍቁበታላችሁ፣ ወዲያው ሎሚ ጠብ። አፕል ሲቆረጥ የሚጠቁረው አየር ሲያገኘው ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ያንን ያዘገየዋል። ከዚያ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ። ተልባ ለኛ ጉዳይ ከሰማይ የወረደ ነበር፤ ውሃ ሲያገኝ ይለጠልጣል፣ ያወፍራል፣ ለጉሮሮ ያለሰልሳል። ደህና ሰው ከላዩ የተወቀጠ ለውዝ ሊነሰንስበት ይችላል። ለአባዬ ግን ሁሉንም ደግሜ ሞቅ አድርጌ በጁስ መፍጫ አልመዋለሁ።

ፈጠርኩ ብዬ ልኩራራ ስል ለካ በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ ማክሲሚሊያን ቢርኸር ቤነር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ቀድሞኛል። ዙሪክ ላይ ለታማሚዎቹ ይሰጥ የነበረው ይኼንኑ ነው፤ ዛሬ ሙዝሊ እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው ነገር አባት። የካርቶኑ ግን ተገላብጧል። የሐኪሙ ሳህን ላይ የሚበዛው አፕል ነበር፣ አንድ ትልቅ አፕል ተፈቅፍቆ፤ አጃው አንዲት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። ካርቶኑን ብትከፍቱ አጃ በአጃ ነው፣ አፕሉ እንደ ዕጣ አንዳንዴ ይወጣል። ሐኪሙ ወተቱን ትቶ ተልባ ቢያገኝ ኖሮ ሁዳዴን ሙሉ ያበላን ነበር።

አንደበቱ በቀስታ መመለስ ሲጀምር የመጀመሪያው ረዥም ክርክራችን በዚሁ በአፕል ስም ላይ ሆነ። የንግግር ልምምዱ ዕቃ እያሳዩ ስሙን ማስጠራት ነው። ብርጭቆ፣ ቁልፍ፣ መነጽር። አፕሉን አነሣሁ።

«እ... እንኮይ።»

«አፕል ነው አባዬ።»

«እንኮይ!»

ተሳሳተ ብዬ ልቤ ወደቀ። ቃል መቀያየር ስትሮክ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ማንኪያን ቢላ ማለት። እሱ ግን ተሳስቶ አልነበረም። አባቴ ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪ ነበር። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን መኃልየ መኃልይና ምሳሌ ላይ ገልጣችሁ እዩት፤ እንግሊዝኛው አፕል የሚልበት ቦታ ላይ እንኮይ ነው የሚለው። ተርጓሚዎቹ አንባቢው ያላየውን ፍሬ ከሚጽፉለት የሚያውቀውን ሰጡት። አባቴ ያደገው ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው፤ እንኮይ ለእሱ በከብት ጥበቃ ኪስ ሙሉ የሚለቀም፣ ብጫ ሆኖ የሚኮመጥጥ፣ ሥጋው ትንሽ ፍሬው ትልቅ የቆላ ፍሬ ነው። ከአፕል ጋር ዝምድና የለውም። ግን መኮምጠጡ፣ ሽታው፣ የልጅነት መሆኑ... እኔ የትርጉም ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ገባኝ።

እኔ ደግሞ ፖም የሚለውን አስታወስኩት፣ እሱም በፈረንጅ አፍ አልፈልግም አለ፣ በምልክትና በግማሽ ቃል። ስለ አዳምና ሔዋንም ተነሣ። ፈረንጆቹ ሲስሉት ሔዋን እጅ ላይ የሚያስጨብጡት አፕል ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ግን የፍሬውን ስም አይናገርም፣ እኛም ስንጠራው ዕፀ በለስ ነው የምንለው። «አየሽ፣» አለኝ አባቴ፣ ቃል በቃል እየጎተተ፣ «እኛ ጋ... አፕል... ኃጢአት የለበትም።» ስምንት ሳምንት ሙሉ ከእሱ የሰማሁት ረዥሙ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነበር። በየቃሉ መሃል ልብስ ማጠፍ የሚያስጨርስ ጊዜ ነበር፣ ግን ደረሰ።

ከውጭ የሚመጣው ቀይ አፕል አልቆ የጨንቻው ቤታችን የገባው ፋሲካ አካባቢ ነው። በእጅ ጋሪ የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። ትንንሽ፣ አረንጓዴ ከቀይ የተቀላቀለ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ ያለው፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። ታማሚ ጥየቃ ይዛችሁት ብትሄዱ «ምነው?» ያሰኛል። እኔ ግን ድስት ውስጥ ሲገባ ነው የማወራው። ያ የሚያብረቀርቀው ቀይ፣ ሬድ ዴሊሼስ የሚባለው በተለይ፣ ጥሬውን ሲበላ ደህና ነው፤ ሲበስል ግን ጣዕሙ ይጠፋል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለዓይን የተሠራ አፕል ነው። ኮምጣጣው ግን እሳት ሲነካው ይነቃል። የጨንቻውን በቀቀልኩ ቀን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማንኪያ ይዞ መጣ፤ አባዬም ጨው መጠየቁን ተወ።

በዓመቱ ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበርና ቅዳሜዋን ሰርቄ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሌላ አገር ያደርሳል። አርባ ምንጭ ላይ ሙዝና ማንጎ ነው፣ ላብ ነው፣ ከታች አባያና ጫሞ ተኝተዋል። ዳገቱ ሲጀምር ሙዙ ይቀራል። ዶርዜ ጋ እንሰቱ ይመጣል፣ የዝሆን ፊት የመሰሉት ቤቶች ይመጣሉ፣ ሸማኔው ይመጣል። ጨንቻ ስትደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጉም፣ ገብስ፣ ቀርቀሃ፣ ጃኬት። አፕሉ እዚያ የተገኘው በዚህ ብርድ ምክንያት ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ሚስዮናውያን ናቸው ያመጡት፤ ያቆዩት ግን ገበሬዎቹ ናቸው።

የአፕል ዛፍ ነገር ይገርማል። ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ከእንቅልፉ የሚነሣው ደግሞ በቂ ብርድ ከቆጠረ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ 800 እና 1,000 ሰዓት ያህል ብርድ ይፈልጋሉ። አና የምትባለው እስራኤል ውስጥ የተዳቀለች ዝርያ ግን የዚያ ሲሶ እንኳ ይበቃታል፤ ለዚህ ነው ለሞቃት አገሮች የምትመረጠው፣ እኛም ጋ የገባችው። አጠገቧ ዶርሴት ጎልደን የምትባል፣ ባሃማስ የተገኘች ሌላ ዝርያ ትተከላለች፤ አፕል በራሱ ዝርያ ብቻ በደንብ አያፈራም፣ ሌላ ጎረቤት ይሻል። ብርዱ አልበቃ ያለ እንደሆነ ደግሞ ገበሬው ራሱ ቅጠሉን በእጁ ያረግፋል፤ ዛፉ ክረምት አልፎ የነቃ እንዲመስለው። አንድ ጓሮ ውስጥ እንሰት ጥላ ሥር ቆሜ አንድ አባት ቅጠል ሲያረግፉ አየሁ፣ አንዷን ሳይቀሩ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው በቀስታ። «እናታልለዋለን» አሉኝ እየሳቁ። አፕሉን እንዴት እንደሚበሉት ጠየቅኳቸው። «እንሸጠዋለን እንጂ!» አሉ። ከፍሬውም ይልቅ ለሌላ አካባቢ የሚሸጡት የተዳቀለ ችግኝ ብር እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ስለ ቅቅሉ ስነግራቸው ፊታቸው ልክ እንደ እማዬ ሆነ።

ሁለት ነገር ይዤ ተመለስኩ፤ አንድ ካርቶን አፕልና ጥቅል ኮባ። የጾም ኬኩ ከዚያ የመጣ ነው። የጾም ኬክ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሚሆነው እንቁላሉ ስለሌለ ነው፤ እንቁላል ያያይዛል፣ ያረጥባልም። ወንፊት ያለፈ የአፕል ቅቅል ሁለቱንም በከፊል ይሠራል፤ በአንድ እንቁላል ፋንታ ሩብ ኩባያ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ ኮረሪማ፤ በሌላ ዕቃ አንድ ኩባያ ተኩል ቅቅል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር። ሁለቱን ማገናኘት፣ ብዙ አለመምታት። ሶዳው ከአፕሉ ኮምጣጣነት ጋር ሲገናኝ ራሱ ይነፋዋል፣ ስለዚህ ሳይቀመጥ ወደ እሳት። በኦቭን 180 ዲግሪ ላይ 45 ደቂቃ ያህል፣ ቢላ ሲገባበት ደርቆ እስኪወጣ።

መብራት ከጠፋስ? ጠፍቶ ያውቃል እንዴ! ወፍራም ድስት፣ ውስጡ ኮባ የተነጠፈበት፣ ከሥር ረመጥ፣ ክዳኑ ላይም ረመጥ፤ እንደ ድፎ ዳቦ። እንዲያውም ያኛው ይበልጣል። ኮባው ጠርዙን ያጠይመዋል፣ የራሱን ሽታ ይሰጠዋል፣ ኬኩ ኬክነቱን ረስቶ ግማሽ ዳቦ ይሆናል። ጠዋት ከሻይ ጋር የማይቀርብበት ምክንያት የለም። እማዬ ማኅበር ይዛው ትሄዳለች፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ቀድማ አትናገርም። በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የሰፈሩን ልማድ አልለወጥኩም። አፕል አሁንም ይመጣል፣ ይደረደራል። እማዬ ብቻ አንድ ነገር ጨመረች፤ ታማሚ ስትጠይቅ ጥሬውን ከመውሰዷ በፊት «ያኝካል?» ብላ ታጣራለች። የማያኝክ ከሆነ በጠርሙስ አድርጋ ቅቅሉን ትወስዳለች፣ ከአንዲት ማንኪያ ጋር፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር፦ «ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ አትቸኩሉበት።» ፍሪጅ ውስጥም ሦስት ቀን ከቆየ እንዲደፉት ትነግራለች። ሐኪም ሆናለች።

አባዬ አሁን ያኝካል። ቀኝ እጁ ግን ገና ነው፤ ጣቶቹ ይጨብጣሉ እንጂ ረቂቅ ነገር አይሆንላቸውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ኳስ መጭመቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ አዘዘለት፣ እሱ ግን ኳሱን «የልጅ ሥራ» ብሎ ጣለው። ስለዚህ አፕል መላጥ ሰጠነው። 68 ዓመት ሙሉ ኩሽና ውስጥ ከደፉ ያላለፈ ሰው ዛሬ ከእማዬ ትይዩ ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ፎጣ ጭኑ ላይ፣ ደብዛዛ ቢላ ቀኝ እጁ ውስጥ። አፕሉን በግራው ያዞረዋል። ልጣጩ ወፍራም ነው፣ ግማሹ ሥጋ አብሮ ይሄዳል፤ እማዬ ያንን ስታይ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ምንም ግን አትልም፤ የወጣው ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ ድስት ይገባል። ትናንት አንዱን ለመላጥ 18 ደቂቃ ፈጀበት። እማዬ በዚያ ጊዜ ድንቹን ጨርሳ ሽንኩርት ጀምራ ነበር። ልረዳው እጄን ብሰድ ቢላውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ተይ፣» አለኝ፣ «እንኮዩን ለኔ ተዪው።»